ሂስቶግራሙ ከነጥቦቹ ጋር ካልገጠመ

ዳታ መሳል የጀመሩ ልጆች ኮዳቸውን ይልኩልኛል። መሃል ላይ ስካተር ቻርት (እያንዳንዱ ረድፍ በኤክስና በዋይ ቁጥሩ አንድ ነጥብ የሚሆንበት)፣ ከላይና ከቀኝ ሂስቶግራም (በየክልሉ ስንት ቁጥር እንዳለ በባር የሚያሳይ)። አንድ ስህተት ግን አልጠፋ ብሎኛል፦ ሂስቶግራሙና ነጥቦቹ በተለያየ ልክ ይሳላሉ።

ሂስቶግራሙን እዚያ ያስቀመጥነው እኮ፣ አንባቢው ከአንድ ባር ዓይኑን ቁልቁል ሲያወርድ የዚያኑ ክልል ነጥቦች እንዲያገኝ ነው። በማትፕሎትሊብ (የፓይተን ግራፍ መሳያ ነው) የላይኛውን አግድም መስመሩን በሚያጋራው ሼርኤክስ፣ የጎኑን ቋሚ መስመሩን በሚያጋራው ሼርዋይ ከስካተሩ ጋር እሰሩት። ካልታሰረ እያንዳንዱ የየራሱን መነሻና መድረሻ ይመርጣል። እኔም ሠርቼዋለሁ። ሪፖርት ሊገባ ሲል፣ ርቀው የወጡ ሁለት ነጥቦች ሌሎቹን ስላጨናነቁብኝ ስካተሩን ብቻ የአግድሙን መነሻና መድረሻ በሚወስነው ሴትኤክስሊም ቆረጥኩት። ሂስቶግራሙ በድሮው ልኩ ቀረ። ስብሰባው ላይ አንዲት ባልደረባዬ ጣቷን ከረጅሙ ባር ወደ ታች ስታወርድ ያረፈችው ባዶ ቦታ ላይ ነበር። ሪፖርቱን መልሼ ወሰድኩ። ያን ቀን አልረሳውም።

ሌላው ስህተት በዓይን አይታይም። ስካተሩ ነጥብ የሚያስቀምጠው ሁለቱም ቁጥሮች ሲኖሩ ነው። ለሂስቶግራሙ ግን አንዱ ይበቃዋል። ከ100 ረድፍ 20ዎቹ ዋይ ከሌላቸው፣ መሃል ላይ 80 ነጥብ፣ ከላይ የ100 ቆጠራ ይወጣል። ከመሳላችሁ በፊት ሁለቱን ዓምዶች ድሮፕኤንኤ አድርጉ፤ ከሁለቱ አንዱ የጎደላቸውን ረድፎች ያወጣል።

የቢን ብዛትንም፣ ማለትም ሂስቶግራሙ ቁጥሮቹን ስንት ክልል ላይ እንደሚከፍል፣ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ካልነገራችሁት ማትፕሎትሊብ 10 ይወስዳል። አሜሪካ የሎውስቶን ውስጥ ያለውን የኦልድ ፌይዝፉል ፍልውሃ ዳታ ከሲቦርን (በማትፕሎትሊብ ላይ የተሠራ ሌላ ግራፍ መሳያ ነው) አውርዱና ሞክሩ። የ272 ፍንዳታዎች መዝገብ ነው። እስከሚቀጥለው ፍንዳታ ያለው ቆይታ ሁለት ጉብታ አለው፦ አንዱ 55 ደቂቃ አካባቢ፣ ሌላው 80 አካባቢ። በ3 ቢን ስትስሉት በመሃል ያለው ጎድጓዳ ይጠፋል። በ20 ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ነጥቦቹ ሁለት ቦታ ተሰብስበው እያያችሁ ሂስቶግራሙ አንድ ክምር ካሳያችሁ፣ ቢኑን ጠርጥሩ።

ስካተሩ በሎግ (እኩል እርምጃ እኩል ብዜት በሚሆንበት ልክ) ከሆነ ቢኖቹም በሎግ ይከፈሉ። የጎኑን ሂስቶግራም የባሮቹን አቅጣጫ በሚወስነው ኦሪየንቴሽን አጋድሙት። ስካተሩንና ሂስቶግራሞቹን በአንድ ትእዛዝ የሚስለው የሲቦርን ጆይንትፕሎት ደግሞ የራሱን ፊገር (ሙሉ የሥዕል ገጽ) ስለሚከፍት፣ ሰብፕሎት (የአንድ ገጽ ክፋይ) ውስጥ አስገባዋለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

ግራፋችሁን በአማርኛ የምትጽፉ፣ እጃችሁ ይባረክ፣ ቀጥሉበት። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ኮዳችሁ አልተበላሸም። ማትፕሎትሊብ ይዞት የሚመጣው ፎንት የእኛ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኑና በአርሲፓራምስ (የማትፕሎትሊብ ቅንብር ነው) ፎንት ፋሚሊ ላይ ስሙን ጻፉት።