የባራታናትያም የመጀመሪያ የእግር ምት እንዴት እንደሚሠራ

ባራታናትያም በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ቤተ መቅደሶችና ቤተ መንግሥቶች ያደገ፣ ቀድሞ ሳዲር ይባል የነበረ ክላሲካል ውዝዋዜ ነው። ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት ዴቫዳሲ የሚባሉ የቤተ መቅደስ አገልጋይ ሴቶች ነበሩ፤ ይህ ውለታቸው ሊዘነጋ አይገባም። በቅኝ ግዛት ዘመን ተነቅፎ ከተዳከመ በኋላ የውዝዋዜ ባለሙያዋ ሩክሚኒ ዴቪ አሩንዴል እ.ኤ.አ. በ1936 በማድራስ (በዛሬዋ ቼናይ ከተማ) ዛሬ ካላክሼትራ የሚባለውን ትምህርት ቤት አቋቁመው ለአዲስ ትውልድ ማስተማር ጀመሩ።

የጀማሪ ዓይን ቶሎ የሚማረከው በእጅና በፊት እንቅስቃሴ ነው። እኔ ግን ከእግር እንዲጀመር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ታችኛው አካል ካልረጋ የላይኛው ሊያምር አይችልምና።

በባዶ እግር፣ በማያንሸራትት ወለል ላይ ይቁሙ። ከተገኘ እንጨት ይመረጣል፤ ሲሚንቶ ላይ ደጋግሞ መርገጥ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ይጎዳል። ልምምዱ የሚከፈተው በናማስካራም ነው፦ ዝቅ ብለው መሬቱን በጣቶችዎ ይነኩና ዓይንዎን ዳስሰው ይነሣሉ። ምድርን ልረግጥሽ ነውና ይቅር በይኝ ማለት ነው።

ቀጥሎ አራማንዲ፣ ማለትም ግማሽ ቁጭታ ይመጣል። ተረከዞችዎን አቀራርበው የእግር ጣቶችዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይመልሱ፤ ከዚያም ጀርባዎን ሳያጎብጡ፣ መቀመጫዎን ወደ ኋላ ሳያወጡ፣ ጉልበቶችዎን ወደ ጎን እየከፈቱ ቀስ ብለው ይውረዱ። በመስታወት ሲያዩት በሁለቱ እግሮችዎ መካከል የአልማዝ ቅርጽ ይታያል። ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው፦ መዞሩ የሚጀምረው ከዳሌ እንጂ ከእግር መዳፍ አይደለም። ጉልበትዎ ከጣቶችዎ አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ከዞረ የእግር ጣቶችዎን ወደ ጎን ማዞሩን ይቀንሱ፤ ጉልበትዎን ካመመዎ ያቁሙ። ታፋ ሲንቀጠቀጥ ግን የተለመደ ስለሆነ ትንሽ ዐርፈው ይቀጥሉ።

እጆችዎን በወገብዎ ላይ አድርገው ክርኖችዎን ወደ ጎን ከዘረጉ በኋላ ወደ ታታ አዳቩ፣ ማለትም ወደ መሠረታዊው የእግር ምት ይለፉ። ቀኝ እግርዎን ተረከዙ ወደ መቀመጫዎ እንዲጠጋ ወደ ኋላ ያንሡና ሙሉ መዳፉን በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ጥርት ያለ አንድ ድምፅ መሰማት አለበት። ጣቶቹ ቀድመው ተረከዙ ከተከተለ ሁለት ድምፅ ይሰማል፤ ያ ስህተት ነው። ከዚያ በግራው ይድገሙት፤ ቀኝ፣ ግራ እያሉ እስከ 8 ይቁጠሩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ራስዎ ከፍና ዝቅ ማለት የለበትም። በትምህርት ቤት መምህሩ ታቱካዚ በሚባል ዱላ እንጨት እየመታ «ታይያ ታይ» እያለ ምቱን ይጠብቃል፤ ቤት ውስጥ ግን ራስዎ ጮክ ብለው ይበሉት።

ይህ ሲረጋ ፍጥነቱን ይጨምሩ፤ በመጀመሪያው ፍጥነት በአንድ ቁጥር 1 ምት፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 ይመታል። ቁጭታው ከፍ ማለት ከጀመረ ወደ ቀደመው ፍጥነት ይመለሱ።

ከእጅ ምልክቶች መጀመሪያ የሚለመደው ፓታካ፣ ማለትም ሰንደቅ ነው፦ አራቱ ጣቶች ተጣብቀው ይዘረጋሉ፣ አውራ ጣት ታጥፎ ወደ ሌባ ጣት ሥር ይጠጋል። የቀለበት ጣትን ብቻ ሲያጥፉ ትሪፓታካ ይሆናል። ሳላንጋይ የሚባለውን የቁርጭምጭሚት ቃጭል ለመግዛት ግን አይቸኩሉ፤ ብዙ መምህራን ምቱ እስኪጠራ ድረስ ለተማሪ አያስሩለትም።