የክፉ ቀን ስንቅ ስናስቀምጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ድርቆሽ፣ ቋንጣና በሶ አዘጋጅቼ መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ድሮ ደንበኞቼ መንገደኞችና ውጭ አገር ላለ ልጃቸው የሚልኩ እናቶች ነበሩ። አሁን አሁን ለክፉ ቀን ቤቱ ሊያስቀምጥ የሚገዛው በዝቷል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት ሲወስድ ያየ የድሬ ሰው ስንቅ ቢይዝ እውነት አለው። ግን የተገዛው ሳይበላ ሲበላሽ ደጋግሜ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሳይደርቅ መክተት

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። አንድ ሐምሌ፣ ደመና በዋለበት ቀን ያሰጣሁትን ድርቆሽ እጄ ላይ ኮሽ ስላለ ብቻ ማታውኑ በላስቲክ አሰርኩት። ዳር ዳሩ ደርቆ መሀሉ እርጥበት ይዞ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ስፈታው ሙሉው አረንጓዴ ሆኗል፤ ሁሉንም ደፋሁት። ድርቆሽ ስትሰብሩት ቀጭ ማለት አለበት፤ ከታጠፈ አልደረቀም። ቋንጣም እንደዚያው ነው። ሥጋው ከመዘልዘሉ በፊት ጮማው ይነሳ፤ ጮማ አይደርቅም፣ ቆይቶ ይከረፋል። ከፀሐይ የተነሳውንም ሞቅ እንዳለ አትክተቱ፤ ትነቱ ላስቲኩ ውስጥ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ከተጠራጠራችሁ ጥቂቱን ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከድናችሁ አሳድሩ። ጠዋት ውስጡ ላብ ካለው ወደ ፀሐይ መልሱት።

የሻገተውን ግን ወደ ፀሐይ አትመልሱ! አራግፎ፣ አጥቦ፣ ቆልቶ መብላት ስንቱን ቤት ሲጎዳ ኖሯል። አንዲት ደንበኛዬ ከባቢሌ ያመጣችው ኦቾሎኒ እርጥብ ጓዳ ውስጥ ሻግቶባት "እትዬ፣ አጥቤ ቆልቼዋለሁ፣ ሽታው ጠፍቷል" አለችኝ። ለልጆቿ ልትሰጥ ነው። እጇን ይዤ አስደፋኋት። ሻጋታ የሚያወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በዓይን አይታይም፣ አይሸትም፣ ብትቆሉትም ብትቀቅሉትም አይለቅም። ጉበት ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ኦቾሎኒ፣ በቆሎና በርበሬ ከሁሉ በላይ ይጠቃሉ። ብር ወጥቶበታል ብላችሁ አትሳሱ።

ቁም ሳጥን ላይ ማስቀመጥ

በቅዝቃዜ የደረቀ ምግብ በቆርቆሮ ታሽጎ ከአሜሪካ የሚላክላቸው አሉ። ምግቡ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል። ስለዚህ ቀላል ነው፤ ውሃ ሲነካው ቶሎ ይመለሳል። ቆርቆሮው ላይ "25 ዓመት" የሚለው ግን ቀዝቃዛ ቦታ ለተቀመጠ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ጥላ ስር እንኳ 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ምግብ የሚበላሽበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ሐረር ያለች እህቴ ዓመት የምታቆየው ሽሮ እኔ ዘንድ በስድስት ወሩ ጣዕሙን ይለውጣል። የምዕራብ ፀሐይ የማይመታውን ግድግዳ ምረጡ፤ ከወለሉ ግን ከፍ ይበል። ሲሚንቶ እርጥበት ይሰጣል፣ ጎርፍም መጀመሪያ የሚያገኘው ወለሉን ነው።

የታሸገውን "እስቲ ልየው" ብሎ መክፈትም አለ። ከተከፈተ ከአየሩ እርጥበት መሳብ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ መብላት ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ከረጢት አየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትይዝ ናት፤ አትበላም፣ ከተከፈተችም ለሌላ ዕቃ አትሆንም።

በሳህን ቁጥር መታለል

ጎረቤቴ ልጇ የላከላትን ባልዲ አሳየችኝ። "60 ሰው ያበላል" ይላል። ለስድስት ሰው አሥር ቀን ብላ አስባለች። ጀርባውን አብረን አነበብነው፤ እያንዳንዱ ሳህን 200 ካሎሪ ነው። ተደምሮ 12,000 ይሆናል። አንድ አዋቂ በቀን ወደ 2,000 ይፈልጋል። ስለዚህ ለቤተሰቧ የአንድ ቀን ምግብ ነው። ስትገዙም ስትቀበሉም ካሎሪውን ቁጠሩ።

ውሃውን መርሳት

ድርቆሽ ያለ ውሃ ምን ይሆናል? ለመጠጥና ለማብሰል ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ያዙ። ጋዝ የነበረበት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ፣ ከሰልም ሲረጥብ ሽሮ አይሠራም፤ በሶ ግን ውሃና ጨው፣ ካለም ማር ብቻ ይበቃዋል። ቆሎ እሱንም አይፈልግም። መጀመሪያ እነዚህን ግዙ።

የነቀዝ ክኒን ሰው የሚያድርበት ቤት አታስገቡ። ጋዙ ተኝቶ ያለውን ሰው ይገድላል። በደንብ የደረቀ እህልና ጥብቅ ክዳን ይበቃል።

በየዕቃው ላይ ያስቀመጣችሁበትን ወር በፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉ፤ አዲሱን ከኋላ፣ አሮጌውን ከፊት አድርጉ። እኔ ከፊት ያለውን ድርቆሽ በየአርብ ለቤተሰቤ ፍትፍት አደርገዋለሁ፤ የጎደለውን በማግስቱ እተካለሁ።