የእሁዱ ቁሌት፦ የሳምንቱን ወጥ በአንድ ድስት መጀመር

ማታ 12 ሰዓት ተኩል ቤት ገብቶ፣ ልጆች "እማዬ ራበን" እያሉ፣ ወጥ ከመጀመሪያው መሥራት ከባድ ነው። ጊዜውን የሚበላው ግን ሽንኩርቱ ነው። መላጡ፣ መክተፉ፣ ማቁላላቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ እኔም ስንት ቀን አቅቶኝ ልጆቹን በዳቦና በሻይ አሳድሬያለሁ። አሁን የሳምንቱን ቁሌት እሁድ ከሰዓት አንዴ እሠራለሁ። እንዲህ ነው።

መጀመሪያ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ድቅቅ አድርጋችሁ ክተፉ፤ ለአምስት ሰው ነው። ብሌንደር ውሃ ያበዛበታል፣ በእጅ ይሻላል። ነጭ ሽንኩርቱን ለልጆች ስጡ፣ መላጥ ይወዳሉ።

ቀጥሎ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ወፍራም ድስት ውስጥ ጨምሩና በዝግታ እሳት አቁላሉት። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል። ውሃው ሲደርቅና ድስቱን መያዝ ሲጀምር ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ "ጭስ" ይላል፣ አማስሉት፣ እንደገና ሲይዝ እንደገና ጠብ። ይህ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የወጡ ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ። ከአጠገቡም አትራቁ። አንድ ቀን ስልክ ላነሳ ሄጄ ሥሩ አረረብኝ፤ ምሬቱን በርበሬም መከለሻም አልሸፈነውም፣ ሳምንቱን ሙሉ ወጡ ይመር ነበር።

ሽንኩርቱ ሲበስል ዘይት፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩና አሥር ደቂቃ አቆዩት። አሁን ግማሹን ቀንሱ። ይህ ለአልጫና በርበሬ ለማይችሉ ትንንሽ ልጆች ነው። በቀረው ላይ በርበሬውን ጨምሩና ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ አብስሉት። ጨው አሁን አትጨምሩ፣ በየወጡ ይለያያል።

ሲበርድ ለየቀኑ የሚሆነውን በየዕቃው ከፋፍሉ። እስከ ረቡዕ የሚበላውን ፍሪጅ፣ የቀረውን ፍሪዘር አስገቡ። ፍሪዘር ከሌላችሁ ወይም መብራት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግማሹን ብቻ ሠርታችሁ ረቡዕ ድገሙት።

ከዚህ በኋላ ማታው ቀላል ነው። ለምስር ወጥ ሁለት ጭልፋ ቁሌት አሙቁ፣ ታጥቦ የተዘጋጀውን ምስር ክክ ከሙቅ ውሃ ጋር ጨምሩ፣ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። የአተር ክክ ግን ይዘገያል፤ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ዘፍዝፉት፣ ማታ በአልጫው ቁሌትና በትንሽ እርድ ሥሩት። ጎመን ከሆነ ቀቅላችሁ ከዚሁ አልጫ ቁሌት ጋር ማዋሃድ ነው፣ ቃሪያው ለትልልቆቹ። እንጀራውን እኔ ሰፈር ከምትጋግር ሴት ነው የምገዛው፤ ሁሉንም በአንድ እጅ መሥራት አይቻልም።

አንድ ነገር አደራ፦ ከምስር ጋር ሻይ አታጠጧቸው። ሻይ ሰውነታቸው ከምስሩ የሚያገኘውን አይረን ይቀንሰዋል። ይልቅ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ አቅርቡ፣ እሱ ያግዛል።

በጣም በደከማችሁ ቀን ሽሮ አለ። ቁሌቱ ላይ ውሃ ጨምራችሁ ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጅ እየነሰነሳችሁ በሌላው አማስሉ፣ እንዳይጓጉል። እሳቱን ቀንሱና ክደኑት። ቱክ ቱክ ማለት ሲጀምር ልጆቹን እጅ ታጠቡ በሏቸው።