የአንጋፋ ወታደር የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ የሚሠሩ ስህተቶች

የሰፈራችን ባሻ ባረፉበት ቀን ማታ፣ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ሳያልቅ፣ የልጅ ልጃቸው ላፕቶፕ ይዞ መጣና «የሕይወት ታሪካቸውን አንተ ጻፍልን» አለኝ። ቀብሩ በማግስቱ ነው። ባሻ ኮሪያ ዘምተዋል፤ ሜዳይ አላቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ምልምል ወታደሮችን ኢላማ ተኩስ አስተምረዋል። ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ አደርኩ። ሲነበብ ግን ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ዘማቾች እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። ያኔ ነው ጉዴን ያወቅኩት። ከዚያ ወዲህ ለሌሎችም ጽፌያለሁ፤ ሰው ሲጽፍም አይቻለሁ። ስህተቶቹ ይደጋገማሉ።

ማዕረጉን ማሳጠር

እኔ «ሻምበል» ብዬ ጻፍኩ። ባሻ ግን ሻምበል ባሻ ነበሩ። ሻምበል ባሻ ከተራ ወታደርነት ተነስቶ፣ አሥር አለቃነትን ሃምሳ አለቃነትን አልፎ የሚደረስበት የበታች ሹም ማዕረግ ነው። ሻምበል ግን መኮንን ነው። ከፍ ያደረግኳቸው መስሎኝ ነበር። ከቀብር ስንመለስ አንዱ ዘማች ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ባሻነቱን ስንት ዓመት ለፍቶ ነው ያገኘው፤ ለምን ትወስድበታለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማዕረግ ከጡረታ ደብተር ወይም ከድሮ መታወቂያ ላይ ይታያል፤ ከሰፈር ሰው አይጠየቅም።

ዓመተ ምሕረት ማደባለቅ

ይሄ የሁሉም ስህተት ነው። ልጆች ኢንተርኔት ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር «1951» የሚል ያገኙና «በ1951 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ዘመቱ» ብለው ይጽፋሉ። በእኛ አቆጣጠር የኮሪያ ጦርነት ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። ሰውዬውን ጦርነቱ ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ ላኳቸው ማለት ነው! ኮሪያ የዘመተው ጦራችን ቃኘው ይባላል፤ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሳው በሚያዝያ 1943 ነው። ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ተከተሉ። ሌሎቹ የሄዱት ከተኩስ አቁሙ በኋላ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንተኛው ቃኘው?» ነው። ፖርክ ቾፕ የሚባለው ኮረብታ አካባቢ የተደረገው ዝነኛ ውጊያ የሦስተኛው ቃኘው ነው። ስሙ ስለሚታወቅ ሁሉንም ዘማች እዚያ ማስቀመጥ ደግ አይደለም። ከተኩስ አቁሙ በኋላ የሄደም ቢሆን የተፋጠጠ መስመር ጠብቋል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

መሣሪያም እንዲሁ ነው። «ክላሻቸውን ይዘው» የሚል አንብቤ ሳቄ መጥቷል። ቃኘው በአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበር የተዋጋው፤ የያዘውም የአሜሪካ መሣሪያ ነው። ባሻ ሲያወሩ ስምንት ጥይት የሚጎርሰውን ጋራንድ ጠመንጃ ነበር የሚያነሱት። የመጨረሻዋ ጥይት ስትተኮስ ጥይቶቹን የያዘው ክሊፕ «ቅጭል!» ብሎ ይፈናጠራል። ያን ድምፅ በአፋቸው እያስመሰሉ ነበር የሚነግሩን። ክላሽ በብዛት የመጣው ዘግይቶ፣ ደርግ ከሶቭየቶች ጋር ከተወዳጀ በኋላ ነው።

ሜዳይ ሁሉ የጀግንነት ይመስለናል

አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ እዚያ ላገለገለ ሁሉ የሚሰጥ ነው። ሪባኑ ሰማያዊና ነጭ ጥለት ያለው ነው። ጽሑፉ ለየአገሩ በየቋንቋው ስለተሠራ የእኛዎቹ በአማርኛ ነው፤ ከቻላችሁ አገላብጣችሁ እዩት፣ ያምራል። የአሜሪካው ሲልቨር ስታር ግን ለተለየ ጀብዱ የሚሰጥ ነው። ሁለቱን «ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳዮች» ብሎ መደመር አንደኛውን ያሳንሳል፣ ሌላውን ያጋንናል። ሜዳዩ አብሮት ወረቀት ካለው የተሰጠበትን ምክንያት ከወረቀቱ ላይ እንዳለ ገልብጡ። ከሌለው «የእነዚህ ሜዳዮች ባለቤት ነበሩ» በቂ ነው።

«ስንት ጣሉ?»

ተኳሽ ነበሩ ሲባል ሰው ወዲያው ቁጥር ይጠይቃል። ባሻን በሕይወት እያሉ የጠየቃቸው ጎረምሳ ነበር። ቡናቸውን ጨርሰው፣ ሲኒውን አስቀምጠው፣ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። እሳቸው ያልተናገሩትን ቁጥር እኛ ፈጥረን ቄስ ፊት ማንበብ ነውር ነው። ባህላችን «ገዳይ!» ብሎ ማሞገስ ያውቃል፤ ፉከራና ቀረርቶ ለዚያ ነው። የሚችል ሰው ካለ ተነስቶ ይፎክር፤ እኔም እወዳለሁ። የሕይወት ታሪክ ግን ፉከራ አይደለም።

አስተማሪነቱን በአንድ መስመር ማለፍ

እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ኮሪያን ሁለት ገጽ ጽፌ፣ ማስተማራቸውን «በኢላማ ተኩስ አስተማሪነትም አገልግለዋል» ብዬ ዘጋሁት። ኮሪያ የቆዩት አንድ ዓመት ገደማ ነው። ያስተማሩት ግን ዕድሜ ልካቸውን ማለት ይቻላል!

በአርባቸው ቀን ሽበት የወረረው፣ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጣ። ተማሪያቸው ነበር። ጽሑፉን አንብቦ «ስሙኒዋ የለችም እንዴ?» አለኝ። የምን ስሙኒ? ያኔ ጀመረ። ባሻ ምልምሉን መሬት ላይ በደረቱ ያስተኙታል። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ራሳቸው ፈትሸው፣ ምልምሉንም ያስፈትሹታል። ከዚያ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ስሙኒ ያስቀምጣሉ። ምላጩን ሲስብ ስሙኒዋ ከወደቀች እንደገና ነው። «ምላጭ አይጎተትም፣ ይጨመቃል» ይላሉ። ግማሹን ትንፋሽ አውጥቶ መያዝ፣ ዓይንን ከኢላማው ይልቅ ጫፉ ላይ ባለው ማነጣጠሪያ ላይ ማድረግ፣ ኢላማው ቢደበዝዝም አለመደንገጥ። ስሙኒዋ ሳትወድቅ በተከታታይ አሥር ጊዜ ካልሳበ እውነተኛ ጥይት አይሰጡትም። ሰውዬው ሲያወራ ሱፉን ረስቶ ምንጣፉ ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ለቀስተኛው ሳቀ፤ ልጃቸው ግን አለቀሰች። አባቷ እሷንም ልብስ ስፌት ሲያለማምዷት «እጅሽን አታስደንግጪው» ይሏት ነበር።

እንዲህ ያለውን ቤተሰብ አያውቀውም። የሚያውቁት ተማሪዎቹ ናቸው። ቢያንስ ለሁለቱ ስልክ ደውሉ።

የማይመቹትን ዓመታት መዝለል

ብዙ ጽሑፍ ከንጉሡ ዘመን ተነስቶ ዘሎ ጡረታ ላይ ያርፋል። መሀሉ የት ሄደ? ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ደቡብ ኮሪያን ደግፎ መዝመት የሚያኮራ ነገር መሆኑ ቀረ። ሜዳዩን ሳጥን ሥር የደበቀ አለ፣ የሸጠም አለ። በ1983 ደግሞ ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ ሰው ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። ባሻ ለተወሰነ ጊዜ መጋዘን ጠብቀዋል። ልጆቻቸው «ዘበኛ ነበሩ» እንዳይባል ፈልገው ከጽሑፉ እንዳወጣው አደረጉ። ማውጣት አልነበረብኝም። ቤተሰቡን ያበሉት በዚያ ነው።

ቀብር ላይ መተኮስ

አጭር ነው፦ አትተኩሱ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ ይወርዳል። የክብር ተኩስ የሠራዊቱ ሥራ ነው፤ የሚተኮሰውም ባዶ ጥይት ነው። ባሻ አንድ ሠርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ ሰምተው ምሳቸውን ሳይበሉ ተነስተው ሄደዋል።

ፎቶውን መቁረጥ

ለባነሩ የመረጥነው ፎቶ በደንብ ያማረባቸው ነበር። መለዮአቸውን አዘንብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ፎቶ ቤት ወስደን ፊታቸውን አስቆርጠን አስጎላነው። ዋናው ፎቶ ላይ ግን ከፊታቸው ዘጠኝ ምልምሎች በደረታቸው ተኝተው ያነጣጥራሉ፤ ከፎቶው ጀርባ ደግሞ በእርሳስ ስማቸው ተጽፏል። እኛ ዘጠኙንም ቆርጠን ጥለናቸዋል።

ለሙት ዓመቱ ሙሉውን አሳተምንና ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሰቀልነው። ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ከግራ ሦስተኛው ሆኖ ተገኘ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ረጅም ጊዜ ፎቶው ፊት ቆማ ቆየችና፣ ጫፍ ላይ የተኛውን ልጅ በጣቷ እየነካች «ይሄ እኮ አባዬ ነው» አለች።