የትዳር አጋርን ድርጅት ሒሳብ ሲይዙ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔያቸው

በደሴና በኮምቦልቻ የባላቸውን ወይም የሚስታቸውን አነስተኛ ድርጅት ሒሳብ መያዝ የጀመሩ ሰዎች መዝገቡ አልገጥም ሲላቸው ይጠሩኛል። የምጽፈው በእነዚህ ቤቶች ደጋግሜ ያየሁትን ነው፤ ዴቢትንና ክሬዲትን መለየትም ሆነ ደረሰኝን በቀን መደርደር ለአንባቢ አዲስ እንዳልሆነ አምናለሁ።

የሙከራ ሚዛኑ (የዴቢትና የክሬዲት ድምሮች የሚነጻጸሩበት ዝርዝር) አይገጥምም። ልዩነቱን በ9 ያካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ብዙውን ጊዜ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ 6,840 መሆን የነበረበት 6,480 ተብሎ ሲጻፍ ልዩነቱ 360 ይሆናል። ካልተካፈለ በ2 አካፍለው ያገኙትን ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ ይፈልጉ፤ በዴቢት ፈንታ በክሬዲት ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የተጨማሪ እሴት ታክሱ ከዜድ ሪፖርቱ (የካሽ ሬጂስተሩ የዕለት ሽያጭ ማጠቃለያ) በልጦ ይገኛል። ምክንያቱ ታክሱ፣ ታክስ ከተጨመረበት ጠቅላላ ላይ መሰላቱ ነው። በ11,500 ብር ሽያጭ ውስጥ ያለው የ15 በመቶ ታክስ 1,500 ብር እንጂ 1,725 ብር አይደለም፤ ጠቅላላውን በ115 አካፍለው በ15 ያባዙ።

በዓመቱ መዝጊያ የባንክ ስቴትመንቱ ከመዝገቡ ይለያል። ስቴትመንቱ የሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል፣ ከጁላይ 1 ጀምሮ የመዘገበ ሰው ከሰኔ 24 እስከ 30 ያለውን እንቅስቃሴ ወደ አዲሱ የበጀት ዓመት አሻግሮታል።

የካሽ ሬጂስተር ደረሰኙ ጽሑፍ ጠፍቷል። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዙታል። በተቀበሉበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርገው ከዋናው ጋር ይያዙት። ጥቂት ብር ለመቆጠብ ተብሎ የሚገዛው ርካሽ ጥቅል ወረቀት የወራት ማስረጃ ሲያጠፋ አይቻለሁና ለድርጅትዎ እንዳይገዙት አጥብቄ እለምናለሁ።

በካዝናው ያለው ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ ያንሳል። ከሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚጠሩኝ ለዚህ ነው። መንስኤውም የድምር ስህተት ሆኖ የተገኘው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ የቤቱና የድርጅቱ ገንዘብ ከአንድ ኪስ ስለሚወጣ ነው።

በደሴ የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስት ሒሳቡን በያዘች በሦስተኛው ወር ካዝናው 84,000 ብር ጎደለ፤ ጥርጣሬውም ሱቁን በሚጠብቀው የዘመድ ልጅ ላይ ወደቀ። ልጁን ከማሰናበታችሁ በፊት አንድ ቀን ስጡኝ ብዬ ባልየውን ከጎኔ አስቀመጥኩና የሞባይል ባንኪንጉን መልእክቶች ከዜድ ሪፖርቱ ቀናት ጋር እያስተያየን መፈለግ ጀመርን። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለአረፋ የተገዛው በግ፣ የእድር መዋጮ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ለወንድሙ የገዛቸው ፍየሎች፣ ሁሉም ከሱቁ መሳቢያ የወጡ ነበሩ። ከጥቂት መቶ ብሮች በቀር ሙሉው ተገኘ። ልጁ ግን ሦስት ሳምንት በሌባ ዓይን ታይቷል፤ ያንን የሚመልስ መዝገብ የለም። ስለዚህ ሰው ከመጠርጠርዎ በፊት የቤቱን ወጪ ይቁጠሩ።

ተገላቢጦሹም አለ። በኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ድርጅት ያላት አንዲት ሴት ነበረች፤ ሒሳቡን የሚይዝላት ባሏ ከራሱ ደመወዝ የጨርቅ ዕዳ ይከፍል ነበር፤ ወጪውን መዝግቦ የገንዘቡን ምንጭ ስላልመዘገበ የጥሬ ገንዘብ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ወረደ። ካዝና ከባዶ በታች ሊሆን አይችልምና እንዲህ ያለ ቀሪ ካዩ ያልተመዘገበ ገቢ ወይም ከባለቤት የገባ ገንዘብ ይፈልጉ።

መፍትሔው ከአጋርዎ ጋር መስማማትን ይጠይቃል። የዕለቱ ሽያጭ ሳይነካ ሙሉውን ወደ ድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ለጥቃቅን ወጪ የተወሰነ ፔቲ ካሽ፣ ለምሳሌ 5,000 ብር፣ ይመደብ፤ የቀረው ጥሬ ገንዘብና የቫውቸሮቹ ድምር በማንኛውም ሰዓት 5,000 መሆን አለበት። ለቤት የሚወጣ ብር ተራ ቁጥር ባለው ቫውቸር፣ በወሳጁ ፊርማ፣ በወጣበት ሰዓት ይመዝገብ። «ማታ እነግርሻለሁ» የተባለ ወጪ ማታ ሲነገር አልሰማሁም። በአጋርዎ ስም ፈጽሞ አይፈርሙ።

አመዘጋገቡ እንደ ድርጅቱ ዓይነት ይለያል። የግል ንግድ ከሆነ ለቤት የወጣው በድሮዊንግ ሒሳብ (ባለቤቱ ለግሉ የወሰደው በሚመዘገብበት) ገብቶ ካፒታሉን ይቀንሳል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ገንዘቡ የማኅበሩ እንጂ የአጋርዎ አይደለም፤ ደመወዝ ወይም የትርፍ ክፍፍል ካልሆነ ባለድርሻው የሚመልሰው ዕዳ ሆኖ ይያዛል። በሁለቱም በኩል የቤት ወጪን «ልዩ ልዩ ወጪ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። የግል ፍጆታ ከግብር ላይ የሚቀነስ ወጪ አይደለምና ኦዲተር ሲመጣ ውድቅ ይሆናል፤ ግብሩ ከነመቀጫው ይጠየቃል። የቤት ወጪን እንዲህ ጻፉት ብለው የሚመክሩ ሒሳብ ሠራተኞች መኖራቸው ያሳዝነኛል።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ሁለታችሁም ባላችሁበት ካዝናውን ቁጠሩ፤ ብቻዎን አይቁጠሩ። ተፈልጎም ያልተገኘ ገንዘብ ካለ በዚያው ዕለት ቀኑና መጠኑ ተጽፎ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት፣ «የካዝና ጉድለት» በሚል ራሱን በቻለ ሒሳብ ይያዝ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ቆጠራም ከተቆጠረው ብር ይጀምር።