አገሮችን በስፖርት ስናወዳድር፦ የሕዝብ ብዛትና ሀብትን ያገናዘበ ደረጃ እንዴት ይወጣል?

ኦሊምፒክ ባለቀ ቁጥር ደሴ ላይ ቡና በተፈላበት ሁሉ አንድ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «አሜሪካ አንደኛ ናት» ይላል። ሌላው «በሕዝብ ብዛት ይካፈል እንጂ!» ብሎ ይነሳል። ሦስተኛው «ገንዘቡስ?» ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው። ወረቀትና የስልክ ካልኩሌተር ካላችሁ ክርክሩን በቁጥር መያዝ ትችላላችሁ። አብሽሩ፣ ከባድ ሒሳብ የለውም።

1. ሜዳልያውን ወደ ነጥብ ቀይሩ

ለወርቅ 3፣ ለብር 2፣ ለነሐስ 1 ስጡ። በፓሪስ 2024 ኢትዮጵያ 1 ወርቅና 3 ብር አገኘች፤ 9 ነጥብ ማለት ነው። ኬንያ 4 ወርቅ፣ 2 ብርና 5 ነሐስ ስላላት 21 አላት። ኒውዚላንድ 47፣ አሜሪካ 250፣ በሁለት ነሐስ የተመለሰችው ግሬናዳ ደግሞ 2።

2. የሕዝብ ብዛትን አስገቡ፣ ግን ዝም ብላችሁ አታካፍሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነጥቡን በቀጥታ በሚሊዮን ሕዝብ ብናካፍል ከ120 ሺህ ብዙም የማይርቅ ሕዝብ ያላት ግሬናዳ 17 ገደማ ታገኛለች። 5.2 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ኒውዚላንድ 9 ብቻ። በሁለት ነሐስ 10 ወርቅ ያመጣችውን አገር መቅደም ፍትሕ አይመስለኝም።

ችግሩ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ኮታ ነው። በ10,000 ሜትር ከአንድ አገር የሚሮጡት ቢበዛ 3 ናቸው። የእኛ አራተኛ ሯጭ ከሌሎች አገሮች ሯጮች ቢበልጥም ውድድሩን በቴሌቪዥን ነው የሚያየው። ስለዚህ ሕዝብ እጥፍ ሲሆን ሜዳልያ እጥፍ አይሆንም። ሁለተኛው ዕድል ነው። ሳን ማሪኖ 34 ሺህ ገደማ ሕዝብ ይዛ በቶኪዮ 3 ሜዳልያ አገኘች። በፓሪስ አንድም አላገኘችም። ሕዝቧ ግን ያው ነው።

መፍትሔው በሕዝቡ (በሚሊዮን) ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው፤ ስኩዌር ሩት ማለት በራሱ ሲባዛ ያንን ቁጥር የሚሰጥ ቁጥር ነው፣ ካልኩሌተር ላይ √ ምልክቱ። ስኩዌር ሩት ትልቁን ቁጥር ያለዝበዋል። የኒውዚላንድ 2.3 ነው፤ 47 ሲካፈል 20 ይመጣል። የግሬናዳ 0.34 ስለሆነ ወደ 6 ትወርዳለች። ኬንያ 2.8 ታገኛለች። 130 ሚሊዮን ገደማ የሆነችው ኢትዮጵያ 0.8።

3. ሀብትን ጨምሩ

የአገር ጠቅላላ ምርት ማለት የሕዝብ ብዛት በነፍስ ወከፍ ምርት ሲባዛ ነው። ስለዚህ በጠቅላላ ምርቱ ስኩዌር ሩት (በቢሊዮን ዶላር) ስታካፍሉ ሕዝብንም ሀብትንም አንድ ላይ ያዛችሁ። ኒውዚላንድ በዚህ ስሌት 3 ገደማ ትሆናለች፣ ኬንያ 2 ገደማ፣ አሜሪካ 1.5። ቅድም ሰባት እጥፍ የነበረው የኒውዚላንድና የኬንያ ልዩነት ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ወረደ። ኬንያ አሜሪካንም አለፈች።

ለምን? ኒውዚላንድ ወርቋን ካገኘችባቸው መካከል ታንኳ፣ ቀዘፋና ብስክሌት አሉ። እነዚህ ዕቃ፣ አሰልጣኝና ተቋም ይፈልጋሉ። የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ሁሉ የመጣው ከአትሌቲክስ ነው። በፓሪስ ደግሞ ከ329 የሜዳልያ ውድድሮች የአትሌቲክስ 48 ብቻ ነበሩ። አቅም የሌለው አገር ከብዙዎቹ ውድድሮች ገና ሳይጀመሩ ቀርቷል ማለት ነው።

ኢትዮጵያስ? ሀብት ተጨምሮም ከ1 በታች ነች። መራራ ነው፣ ግን መሸሸግ የለበትም። «ደሃ ስለሆንን ነው» የሚለው መልስ ብቻውን ከኬንያ ጋር ያለንን ልዩነት አያስረዳም።

4. የአንድ ኦሊምፒክ ውጤት አይበቃም

ቢያንስ የሦስት ኦሊምፒኮችን አማካይ ውሰዱ። ኢትዮጵያ በሪዮ 2016 ስምንት ሜዳልያ ነበራት፤ በቶኪዮና በፓሪስ አራት አራት። አዘጋጅ አገር በሜዳው ጠንከር እንደሚልም አትርሱ።

5. እግር ኳስን ለብቻው ያዙት

ሕዝባችሁ ምንም ቢበዛ ሜዳ የሚገቡት 11 ናቸው። 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ኡራጓይ በ1930 እና በ1950 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ አንስታለች። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሆነችው ኬፕ ቨርዴም ለ2026ቱ አልፋለች። የፊፋ ደረጃ የተጋጣሚን ጥንካሬ ያሰላል፤ ሕዝብንና ሀብትን ግን አያይም። እኔ የምመክረው በሕዝብም በገቢም የሚቀራረቡ አምስት ስድስት አገሮችን መርጦ በፊፋ ነጥብ እርስ በርስ ማወዳደር ነው።

በወረዳ ውድድር ላይ ለመጠቀም

ዘዴው ለአገር ብቻ አይደለም። ደሴን ከደላንታ፣ ኮምቦልቻን ከወረባቦ ጋር የሚያገናኝ የተማሪዎች ውድድር የምታዘጋጁ ከሆነ በሕዝብ ፈንታ የተማሪ ቁጥርን ተጠቀሙ። ነጥቡን በስኩዌር ሩቱ አካፍሉ። በገቢ ፈንታ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ደህና ሜዳ አለ? የስፖርት መምህር አለ? ልጆቹ ለውድድሩ ስንት ሰዓት ተጉዘው ነው የሚመጡት? በመልሱ መሠረት ወረዳዎቹን በሁለት ምድብ ክፈሉና በየምድቡ ደረጃ አውጡ። የጠቅላላ ነጥብ አሸናፊውም ዋንጫውን ይውሰድ፤ ለተስተካከለው ደረጃ ሌላ ዋንጫ አዘጋጁ። ቀመሩን ግን ውድድሩ ሳይጀመር ለሁሉም ወረዳ በጽሑፍ ላኩ። ውጤት ከታወቀ በኋላ ከሆነ ሁሉም ለራሱ የሚያደላውን ቀመር ነው የሚመርጠው።