የጓሮ ኩሬ ውሃ አረንጓዴ ሲሆንባችሁ አልጌውን እንዴት ማስራብ ይቻላል

ውሃው አረንጓዴ ሆነ ብላችሁ ኩሬውን ሙሉ በሙሉ አድርቃችሁ በአዲስ ውሃ እንዳትሞሉት፣ እባካችሁ። ለጥቂት ቀን ኩልል ይልና ተመልሶ ያው ነው። አልጌ የሚመጣው የሚበላው ስላገኘ ነው፣ ምግቡ በዋናነት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲሆን እነሱም ከዓሳው ቆሻሻ፣ ከተረፈ መኖ፣ ከበሰበሰ ቅጠል፣ ዝናብ አጥቦ ከሚያስገባው ማዳበሪያ ይመጣሉ። የኩሬው እፅዋትም የሚፈልጉት ያንኑ ስለሆነ የኛ ስራ ለነሱ ማዳላት ነው።

መጀመሪያ የትኛው አልጌ እንደሆነ እዩ። በብርጭቆ ቅዱና ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ለብቻው በአይን የማይታይ ባለ አንድ ሴል አልጌ ነው፣ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ያለው ፊልተር ይረዳል። እንደ ፀጉር የሚጎተት ክር ከሆነ ግን ዩቪው ምንም አያደርገውም፣ በእንጨት ጠቅልላችሁ አውጡት። ያወጣችሁትን ጥቂት ሰዓት ዳር ላይ አቆዩት፣ ውስጡ ያሉት ትናንሽ ነፍሳት ወደ ውሃው ይመለሳሉ፣ ከዛ ወደ ኮምፖስት። ድንጋይ ላይ የለጠፈውን ስስ አረንጓዴ ግን ተዉት፣ ጤነኛ ኩሬም አለው።

ቀጥሎ ምግቡን ቀንሱ። ዓሳ ካለ በ2 ወይ 3 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ፣ ቅጠል የሚረግፍበት ቦታ ከሆነ መረብ ዘርጉበት፣ የኩሬውን ጠርዝ ከመሬቱ ትንሽ ከፍ አድርጉት ጎርፍ እንዳይገባ። ከኩሬው ታች የተጠራቀመውን ዝቃጭም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ አውጡ።

አሁን ዋናው፣ እፅዋቱ። እንደ ሆርንወርት ያሉ ውሃ ውስጥ ሰጥመው የሚያድጉት ምግቡን በቀጥታ ከውሃው ይወስዳሉ፣ እንደ ውሃ ሊሊ ቅጠላቸው ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ደግሞ ጥላ ሰጥተው አልጌውን ብርሃን ይነሱታል፣ ከውሃው ገፅ ግማሽ እስከ ሁለት ሶስተኛ ቢሸፍኑ ጥሩ ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግን ስር ያሉትም ብርሃን ያጣሉ። በማሰሮ ስትተክሉ ኮምፖስት ወይ ማዳበሪያ ያለው አፈር አትጠቀሙ፣ ከባድ ሸክላ አፈር አድርጋችሁ ከላይ ጠጠር አልብሱት፣ ያለዚያ ራሳችሁ አልጌውን እየመገባችሁት ነው። እምቦጭ ንጥረ ነገር በመምጠጥ በጣም ጎበዝ ነው ግን እኔ አልመክርም፣ ወደ ወንዝ ወይ ሀይቅ ካመለጠ ማቆሚያ የለውም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ማጨዱን ነው! ተክሉ የበላው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ገላው ውስጥ ነው ያለው፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ እዛው ከበሰበሰ ሁሉም ወደ ውሃው ይመለሳል፣ ስለዚህ ቢጫውን ቁረጡ፣ የበዛውን አሳሱ፣ ከኩሬው አርቃችሁ ጣሉ።

ፓምፕ ካላችሁ ማታ አታጥፉት። ሌሊት እፅዋቱም አልጌውም ኦክስጅን ይወስዳሉ እንጂ አይሰጡም፣ ንጋት አካባቢ በጣም ዝቅ ይላል። የዓሳውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ከዛ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎችም ፊልተሩ ውስጥ ስለሚኖሩና ኦክስጅን ስለሚፈልጉ ስፖንጁን በባልዲ በተቀዳ የኩሬ ውሃ እጠቡት፣ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድላቸዋል።

የአልጌ መግደያ ኬሚካል የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። መዳብ ያለበት ቀንድ አውጣዎችን ይገድላል ዓሳም ሊጎዳ ይችላል፣ ደግሞ አልጌው በአንዴ ሲሞት መበስበሱ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ዓሳዎቹ ወደ ውሃው ገፅ ወጥተው አየር ሲስቡ ካያችሁ ወዲያው ውሃውን በፓምፕ እየረጫችሁ አናውጡት።

አዲስ ኩሬ ከሆነ ባክቴሪያውና እፅዋቱ እስኪደራጁ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አረንጓዴ መሆኑ የተለመደ ነው፣ እፅዋት ጨምሩ፣ መኖ ቀንሱ፣ ታገሱ። ውሃ ሲጎድል የዝናብ ውሃ ይሻላል፣ የቧንቧ ከሆነ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምራችሁበት ቀስ በቀስ ሙሉት።